አኳሪየም ክዳን አያስፈልገውም ለሚለው ጽሑፍ የኔ መልስ

ሰሞኑን አሳ የምናሳድግ ሰዎች እየተቀባበልን ያነበብነው አንድ ጽሑፍ አለ፣ ስለ ክፍት አኳሪየም ነው፣ ማለቴ ከላይ ምንም ሳይኖረው የሚሸጠው ወይ መስታወት ቤት ሄደን የምናሰራው አይነት። ጸሐፊው ባጭሩ የሚሉት ይሄን ነው፦ ክዳን አሳ ያፍናል፣ ውሃው ጥሩ ከሆነ አሳ አይዘልም፣ የሚተነው ውሃ ኢምንት ስለሆነ ከቧንቧ እየጨመሩ መሙላት ነው፣ ክዳን ብርሃን ይከለክላል ውበትም ያጠፋል፣ የግድ እከድናለሁ ካላችሁ ደግሞ ፕሌክሲ (መስታወት የሚመስለውን ጠንካራ ፕላስቲክ) አስቆርጡ፣ እሱም ካጣችሁ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ወጥራችሁ እሰሩበት። ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው፣ ጸሐፊው አሳ እንደሚወዱም ያስታውቃል፣ ለዛም ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ እሱን አንብቦ ክዳኑን አውልቆ አልጋ ስር ሊያስገባው ነው። እኔ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዘጠኝ አመት አሳ አሳድጌአለሁ፣ ሶስቱን አመት ያለ ክዳን፣ ስድስቱን በክዳን፣ ስለዚህ ሁለቱንም ኖሬበት ነው የምናገረው።

ከመታፈን ልጀምር፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ስለሆነ። የጸሐፊው ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ይሄን መጀመሪያ ልመንላቸው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ እዚህ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወይ ምጽዋ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ የሚፈላብንም ለዚሁ ነው፣ እና በዛው ልክ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ሩብ ያህል ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ ጅቡቲ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ቢይዝ እዚህ 6 ገደማ ነው የሚይዘው። እንደውም ከውጭ ቪዲዮ እያየን ለዚህን ያህል ሊትር ይሄን ያህል አሳ ሲባል እኛ ቀንሰን ነው መስማት ያለብን።

ግን ጥፋተኛው ክዳኑ ነው ወይ? እስቲ በቁጥር እንየው። የኔ አኳሪየም 80 በ35 በ40 ነው፣ 100 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ውሃውና ክዳኑ መሀል አራት ሴንቲ ክፍተት ትቻለሁ፣ ያቺ ክፍተት ብቻዋን 11 ሊትር አየር ናት። አየር ደግሞ አንድ አምስተኛው ኦክስጅን ነው፣ ስለዚህ በኛ ከተማ ግፊት ብናሰላው እዛች ክፍተት ውስጥ ከ2 ግራም በላይ ኦክስጅን አለ፣ 100 ሊትሩ ውሃ ውስጥ በሙሉ ሟሙቶ ያለው ግን ቢበዛ 0.6 ግራም ነው። ማለት ያ ሁሉ ውሃ ከያዘው ኦክስጅን ከሶስት እጥፍ በላይ የሚሆነው እዛች ባዶ የምትመስል ቦታ ውስጥ ተቀምጧል። በዛ ላይ ትንሽ ኤር ፓምፕ ካለ፣ በደቂቃ ሁለት ሊትር የሚገፋ እንኳን ቢሆን፣ ከክፍሉ አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ስለሚለቅ ክዳኑ ስር ያለው አየር በሰአት አስር ጊዜ ያህል ይቀየራል፣ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። አሳ የሚታፈነው ክዳን ስላለ ሳይሆን የውሃው ፊት ስለተኛ ነው። የፊልተሩ፣ ማለቴ የውሃ ማጣሪያው፣ አፍ ጠልቆ ተቀብሮ ላዩ ምንም ሳይንቀሳቀስ ሲቀር፣ ላዩ ላይ ያ ቅባት መሳይ ስስ ነገር ሲጋገርበት፣ አሳው ከመጠን በላይ ሲበዛ፣ ያኔ ነው ሌሊት ላይ አፋቸውን ወደላይ አድርገው ሲያንጠራሩ የምታገኟቸው፣ ያን ደግሞ ክዳን የሌለው አኳሪየም ላይም በአይኔ አይቻለሁ። የፊልተሩን አፍ ከፍ አድርጋችሁ ውሃው ላይ ሞገድ እንዲሰራ አድርጉት፣ አለቀ።

መብራት ሲጠፋስ ካላችሁ፣ ፓምፑም ፊልተሩም ይቆማል፣ ያኔ ግን ክዳን ማንሳት ብቻውን የተኛውን ውሃ አያንቀሳቅሰውም። በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው የሚሻለው፣ ወይም በባትሪ የሚሰራ ትንሽ ኤር ፓምፕ መያዝ። ክዳኑን ደግሞ ሌሊት ከሆነ አታንሱት፣ ሂተሩም (የውሃ ማሞቂያው) ስለቆመ ያለችውን ሙቀት የሚያቆየው እሱ ነው።

ቤታና ጎራሚ ላላችሁ ሰዎች ነገሩ ከዚህም ይለያል። እነዚህ አሶች ከስንጥባቸው በተጨማሪ ጭንቅላታቸው ውስጥ አየር የሚተነፍሱበት አካል አላቸው፣ ላይ ወጥተው ጎረስ አድርገው ይመለሳሉ። ህዳርና ታህሳስ ሌሊት ላይ ውጪው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ክፍላችንም ይቀዘቅዛል፣ እና 26 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ያለ ቤታ ወጥቶ የሚጎርሰው አየር ከውሃው በአስር ዲግሪ የቀዘቀዘና የደረቀ ይሆናል። ክዳን ካለ ግን የሚጎርሰው ሞቅ ያለና እርጥብ አየር ነው። ክዳኑ ውሃውን እንዲነካ አድርጋችሁ አትሙሉ፣ ሶስት አራት ሴንቲ ተዉለት።

ወደ መዝለሉ ልምጣ። ጸሐፊው ውሃው ጥሩ ከሆነ አሳ አይዘልም ብለዋል። አሞኒያ (ከአሳው ቆሻሻ የሚመጣው መርዝ) ሲበዛ፣ ኦክስጅን ሲያንስ አሳ እንደሚዘል እኔም አልክድም፣ ግን አሳ የሚዘልበት ምክንያት እሱ ብቻ አይደለም። ይደነግጣል፣ ይባረራል፣ ሌላ ውሃ ይፈልጋል፣ ከላይ የሚበር ነፍሳት አይቶም ይወረወራል። ሀቼትፊሽ የሚባለው አሳ ለምሳሌ ደረቱ የዳበረው ከውሃ እየወጣ ለመፈናጠር ነው፣ ውሃውን ምንም ብታጠሩለት ተፈጥሮው ነው። ሶርድቴይል፣ ዳኒዮ፣ ኪሊ፣ ቤታ ሁሉም ዘላዮች ናቸው። የኔን ልንገራችሁ፣ ሶስተኛው አመት ላይ አንድ ቀይ ወንድ ሶርድቴይል ነበረኝ፣ ከጫጩትነቱ ያሳደኩት። አንድ ማታ መብራት ጠፋ፣ እኔም የአኳሪየሙን መብራት ማብሪያ ሳላጠፋ ተኛሁ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰአት ላይ መብራት ሲመጣ በዛ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ የኤልኢዲው ብርሃን ባንዴ ቦግ አለባቸው። ጠዋት ስነሳ እሱን አጣሁት፣ ስፈልግ ስፈልግ ከሶፋው ጀርባ ደርቆ አገኘሁት፣ ከአኳሪየሙ አንድ ሜትር ይርቃል። ውሃውን ያኔውኑ ለካሁት፣ አሞኒያ ዜሮ፣ አሞኒያው ሲለወጥ የሚመጣው ናይትራይትም ዜሮ፣ ከሳምንት በፊት የቀየርኩት ውሃ ነው። ስለዚህ ያ አሳ የሞተው ውሃው ስለቆሸሸ አይደለም፣ ስለደነገጠና ከላዩ ምንም ስላልነበረ ነው። እዚህ ሀገር ደግሞ መብራት ጠፍቶ እኩለ ሌሊት ላይ ሲመጣ የማያውቅ ቤት አለ? ይሄን ነገር ጀርመን ወይ ጃፓን ተቀምጦ ስለ ክፍት አኳሪየም የሚጽፍ ሰው ላያስበው ይችላል፣ እኛ ግን ማሰብ አለብን። አሳ ዘለለ ተብሎ ባለቤቱን ውሃህ ቆሻሻ ነው ማለት ደግሞ ልክ አይደለም፣ ብዙ ጠንቃቃ ልጆች በዚህ አባባል ተሸማቀው አሳ ማሳደግ እንደተዉ አውቃለሁ።

ሌላው እኔን በጣም የቆረቆረኝ ስለ ትነቱ የተጻፈው ነው። ኢምንት ነው ብለዋል፣ እንዴት ነው ኢምንት የሚሆነው? በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፣ እጃችን የሚሰነጣጠቅበት፣ ከንፈራችን የሚላጥበት ወቅት ነው፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ነው፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ውሃው ሙቅ ነው፣ ለትነት ከዚህ በላይ ምን ይመቻል። ክዳን ባልነበረኝ ጊዜ መስታወቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ምልክት አደርግ ነበር፣ ጥር ላይ በሳምንት ሶስት ሴንቲ ገደማ ይወርድ ነበር። ሶስት ሴንቲ ሲባል ትንሽ ይመስላል፣ ግን 80 በ35 ላይ ስምንት ሊትር ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ በቀን አንድ ሊትር ከሁለት መቶ ሚሊ ማለት ነው።

አሁን ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። አንድ ሊትር ውሃ ተኖ እንዲሄድ 0.68 ኪሎዋት ሰአት ያህል ሙቀት ይዞ ነው የሚሄደው። እኛ ድስት ጥደን እስኪደርቅ ስናፈላው ብቻ ነው ጉልበት የሚበላ የሚመስለን፣ ዝም ብሎ ሲተንም ያው ሙቀት ያስፈልገዋል፣ ያን ሙቀት የሚወስደው ደግሞ በዋናነት ከራሱ ከውሃው ነው። በቀን 1.2 ሊትር ሲተን 34 ዋት ያህል ቀን ከሌሊት ያለማቋረጥ እየወጣ ነው ማለት ነው። የኔ ሂተር 100 ዋት ነው። ስለዚህ ሂተሩ ምንም ሳያርፍ ቢሰራ እንኳን ካለው ጉልበት ሲሶው ለትነት ብቻ ይሄድ ነበር። ክዳን ሳይኖረኝ በታህሳስ ሌሊት ውሃውን ከ23 ዲግሪ ማሳለፍ አቅቶኝ ሂተሩ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ገዝቻለሁ፣ አልተበላሸም ነበር፣ ከላይ ክፍት ስለነበር ነው። መስታወት ክዳን ካስገጠምኩ በኋላ ያው አሮጌው ሂተር 25 ላይ ያቆመዋል፣ መሀል መሀል ላይም እየጠፋ ያርፋል።

ከቧንቧ እየጨመሩ መሙላት የሚለውስ? ሲተን የሚሄደው ንጹህ ውሃው ብቻ ነው፣ ካልሲየሙ ማግኒዝየሙ ጨውማ ነገሩ በሙሉ እዛው ይቀራል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ማለት እሱ ነው። እኛ ደግሞ በተነነው ፋንታ የቧንቧ ውሃ ስንጨምር ሌላ ማዕድን እንጨምርበታለን። በኔ ሂሳብ በሳምንት ስምንት ሊትር ከምናምን ስትሞሉ አስራ ሁለት ሳምንት ላይ 100 ሊትር የሚሞላ ውሃ የያዘውን ማዕድን ጨምራችኋል፣ በመሀል ውሃ ቀንሳችሁ ካልቀየራችሁ የማዕድኑ መጠን ከጀመራችሁበት እጥፍ ሆኗል። የለገዳዲ ወይ የገፈርሳ ግድብ ውሃ የሚደርሳችሁ ሰዎች ቶሎ ላይሰማችሁ ይችላል፣ ከአቃቂ ጉድጓድ የሚመጣው የሚደርሳችሁ ግን ጠንከር ስለሚል ቶሎ ነው የሚያስታውቀው፣ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ይሰራል። ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙማ ከዚህም በላይ መጠንቀቅ አለባችሁ። መሙላት ሌላ፣ መቀየር ሌላ ነው፣ ጽሑፉ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር አድርጎ ነው ያለፋቸው። ሌላም አለ፣ ውሃው ሲጎድል የሂተሩ አናት ከውሃ ይወጣል፣ በርቶ እያለ ከውሃ የወጣ መስታወት ሂተር ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በ220 ቮልት የሚሰራ እቃ እንደሆነ አትርሱ። ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ፊልተርም ውሃው ሲወርድበት መሳብ ያቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለጸሐፊው ልስጣቸው። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ አፋር አካባቢ ላለ ሰው ያሉት ነገር ያስኬዳል። ግንቦት ሰኔ ላይ ድሬዳዋ ክፍሉ ራሱ ከ30 በላይ ነው፣ እዛ ችግሩ ውሃው መሞቁ እንጂ መቀዝቀዙ አይደለም፣ ያ እኔን የሚያስቸግረኝ ትነት እዛ ውሃውን የሚያበርድ ብቸኛው ነገር ነው፣ ትንሽ ፋን ላዩ ላይ ቢያነፍስበት ጥቂት ዲግሪ ያወርደዋል። እዛ መስታወት ክዳን ገጥሞ መዝጋት ጉዳት አለው። ግን እዛም ቢሆን መልሱ ባዶውን መተው ሳይሆን መረብ ነው፣ የድሬዳዋ አሳም እንደኛው አሳ ይዘላል። ዱባይ ወይ ሪያድ ያላችሁ ደግሞ ቀን ከሌሊት ኤሲ የሚሰራበት ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ አየሩ ስለሚደርቅ ውሃችሁ ቶሎ ነው የሚጎድለው፣ ውሃው ከ28 ካላለፈ ግማሹን መስታወት ግማሹን መረብ ብታደርጉት ይሻላል ባይ ነኝ። የክዳን ምርጫ የአሳው ብቻ ሳይሆን የክፍሉም ጉዳይ ነው፣ ጽሑፉ ላይ የጎደለው ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፣ ሀገሩን፣ ከፍታውን፣ ወቅቱን ሳይጠይቅ ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠ።

ብርሃንና ውበት የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ንጹህ መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን ስምንት በመቶ ያህሉን ነው የሚመልሰው፣ እንደ አኑቢያስ፣ ጃቫ ሞስ፣ ቫሊስኔሪያ አይነት የውሃ ተክል ያለው ሰው ይሄን አያየውም። ብርሃን የሚቀንሰው የተጋገረበት ነጭ ነገርና አልጌው ነው፣ እሱን ደግሞ በአቼቶ ወይ በሎሚ ጨርቅ ነክሮ ማሸት፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ በቂ ነው፣ ሳሙና ብቻ አታስነኩት። ውበቱን በተመለከተ ክፍት አኳሪየም እንደሚያምር አልከራከርም፣ ፖቶስ ስሩን ውሃ ውስጥ አድርጎ ቅጠሉ በግድግዳው ሲወጣ እኔም እወደዋለሁ፣ ቤቴ ውስጥም አለ፣ ክዳኑን አንድ ጥግ ላይ አምስት ሴንቲ ያህል አስቆርጬለት በዛ በኩል ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ከምን እናሰራው። ጸሐፊው ርካሽና ቀላል ስለሆነ ፕሌክሲ ይሻላል ብለዋል። እኔ ፕሌክሲ ሞክሬዋለሁ፣ ሶስት ሚሊውን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ጎድጓዳ ሰሃን ጎብጦ ጥጎቹ ወደላይ ተነሱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ፕሌክሲ ትንሽ ትንሽ እርጥበት ይመጥጣል፣ የታችኛው ፊቱ ሁሌ እርጥብ የላይኛው ሁሌ ደረቅ ስለሆነ ታችኛው ይለጠጣል፣ ላይኛው ባለበት ይቀራል፣ ስለዚህ ይጎብጣል። በየሁለት ሶስት ቀኑ ብትገለብጡት ይመለሳል፣ ግን ማን ነው ሁሌ የሚገለብጠው፣ የተነሳው ጥግ ደግሞ ለሶርድቴይል በር ነው። የግድ ፕሌክሲ ከሆነ አምስት ስድስት ሚሊ ውፍረት ይሁን፣ ለትንንሽ ክፍል ብቻ።

መስታወት ከባድ ነው አደገኛ ነው የተባለውን ደግሞ እንመዝነው። አራት ሚሊ መስታወት በካሬ ሜትር አስር ኪሎ ነው፣ የኔ ክዳን በሙሉ ሲደመር ሶስት ኪሎ አይሞላም፣ ያውም ለሁለት የተከፈለ ነው። ጠርዙን ሳያስሞርዱ ወደ ቤት መውሰድ ነው አደጋው፣ ቆራጩ ጋ ቆማችሁ አራቱንም ጠርዝ አስሞርዱት፣ ጥጎቹንም ትንሽ ክብ አስደርጓቸው፣ ብዙ ሰው ይሄን ረስቶ ነው እጁን የሚቆርጠው። ቴምፐርድ (በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ) መስታወት ካሰባችሁ መጀመሪያ ልኩን ጨርሳችሁ ነው የምታዙት፣ አንዴ ከተሰራ በኋላ ለቱቦ ማለፊያ ልቁረጠው ብትሉ ይበታተናል። ለአንድ ሜትር አኳሪየም ተራው አራት ሚሊ ለሁለት ተከፍሎ በቂ ነው።

ሶስተኛው ምርጫ ጽሑፉ ስሙንም ያላነሳው ነው፣ በረንዳ የሚሸፈንበት ውስጡ ባለ ቱቦ የሆነው ፖሊካርቦኔት። ቀላል ነው፣ በቢላዋ ይቆረጣል፣ ከፕሌክሲ ያነሰ ነው እርጥበት የሚመጥጠው፣ መሀሉ ያለው አየር ደግሞ ሙቀት ያቆያል፣ ለኛ ሌሊት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መጥፎ ጎኑ ከላይ ጥርት አድርጎ አያሳይም፣ ቱቦዎቹ ውስጥም ውሃ ገብቶ አልጌ ያበቅላል፣ ጫፎቹን በሲልኮን መድፈን ነው። ከላይ ለማያየው ሰው፣ ወይ በደረት ከፍታ ላይ መደርደሪያ ውስጥ ላስቀመጠ ሰው፣ እኔ ከመስታወት አስቀድሜ እሱን ነው የምመክረው።

መረብ ለመረጣችሁ ሽቦ አይሁን እባካችሁ። ዚንክ የተቀባው ሽቦ በጤዛው እየታጠበ ዚንኩ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ዚንክ ደግሞ ለአሳ መርዝ ነው፣ መዳብ ከሆነ ቀንድ አውጣውንና ሽሪምፑን ነው የሚጨርሰው። የመስኮት ትንኝ መከላከያው የፋይበር ወይ የናይለን መረብ በአልሙኒየም ፍሬም ተወጥሮ ጥሩ ይሰራል። ቺፑድ ወይ ኤምዲኤፍ በምንም አይነት፣ በወር ውስጥ አብጦ እየረገፈ ውሃው ውስጥ ይገባል።

ስለ አገጣጠሙ ጽሑፉ ምንም አላለም፣ እኔ ግን ከቁሱ በላይ ይሄ ይመስለኛል የሚወስነው። ብዙ ሰው መስታወቱን ከአኳሪየሙ ጠርዝ ላይ ዝም ብሎ ይጋድመዋል፣ ከዛ ስሩ የሚጠራቀመው ጤዛ ወደ ጠርዙ እየሄደ በውጪ በኩል ይወርዳል፣ ጠረጴዛው ያብጣል፣ ግድግዳው ይበልዛል፣ ባሰ ሲልም ገመዱን ተከትሎ ሶኬት ድረስ ይደርሳል። እኔ ያደረኩት ከጠርዙ ሶስት ሴንቲ ዝቅ ብሎ ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ሁለት ሴንቲ ስፋት ያላቸው የመስታወት ቁርጥራጮች በሲልኮን ማስለጠፍ ነው፣ ክዳኑ እነሱ ላይ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ስለዚህ የሚንጠባጠበው ሁሉ ተመልሶ እዛው ይወድቃል። ልኩን ስትሰጡ የውስጡን ለክታችሁ በየጎኑ ሶስት ሚሊ ቀንሱለት፣ አለበለዚያ ይቀረቀራል። ሲልኮኑ የሻጋታ መከላከያ ያልገባበት፣ ሲደርቅ እንደ አቼቶ የሚሸተው ነው፣ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሶስት ቀን ጠብቁት። አኳሪየሙ ውሃና አሳ ካለበትና አሁን መለጠፍ ካልቻላችሁ ጠርዙን ቆንጥጦ የሚይዝ የፕላስቲክ ክሊፕ አለ፣ እሱም ክዳኑን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል።

ክዳኑን ለሁለት ክፈሉት፣ የፊተኛው ለምግብና ለጽዳት የሚነሳ፣ የኋለኛው ቋሚ። ከኋላ ሶስት አራት ሴንቲ ለገመድና ለቱቦ ተዉ፣ ግን እዛ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው፣ አሳ እኮ የሚወጣው በዛችው ቀዳዳ ነው፣ ኪሊ ጣት በምታስገባ ቀዳዳ ይወጣል። እሷን ክፍተት በፖሊካርቦኔት ቁራጭ ወይ በመረብ ሙሏት፣ አየር ይለፍ አሳ አይለፍ። ገመዶቹን ደግሞ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብለው ታጥፈው እንዲወጡ አድርጓቸው፣ ውሃ ቢወርድ እንኳን መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል። መብራቱ ክዳኑ ስር ከሆነ ውሃ የማያስገባ ይሁን፣ ካልሆነ ከመስታወቱ በላይ አስቀምጡት።

ጽሑፉ ያልነካው ሌላ ነገር አለ፣ እኔ ግን ለኛ ቤት ከመዝለሉ እኩል አየዋለሁ፣ እሱም የበረሮ መድሃኒት ነው። በስፕሬይ የሚነፋው አብዛኛው ፓይሬትሮይድ የሚባለው አይነት ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ፐርሜትሪን፣ ሳይፐርሜትሪን የሚል ካያችሁ እሱ ነው፣ ለሰው በመጠኑ የሚቻል ለአሳ ግን በጣም ጥቂቱ የሚገድል። ክፍት አኳሪየም ባለበት ክፍል ውስጥ መንፋት ማለት ውሃው ላይ መንፋት ነው። ክዳን ካለ ቢያንስ የሚወርደውን ያቆመዋል፣ ላዩን በእርጥብ ፎጣ ሸፍናችሁ ኤር ፓምፑን አጥፉ፣ ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ቀጥታ ውሃው ውስጥ ስለሚያስገባው ክዳኑ ብቻውን አያድናቸውም፣ መስኮት ከፍታችሁ ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ ጠብቁ። ቢቻል ሌላ ክፍል እንኳን ቢሆን አትንፉ። ጠዋት ቤት ሲጸዳ፣ በርበሬ ሲታመስ፣ እጣን ሲጨስ የሚወርደውም አቧራና ቅባት ትንሽ አይደለም፣ ያ ላዩ ላይ የሚጋገረው ስስ ነገር ከዚህም ይመጣል።

በመጨረሻ ላስቲኩ። ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ፣ ሌላውን እንኳን ባይቀይሩት ያቺን አንድ አረፍተ ነገር ያውጧት። የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ተወጥሮ ሲታሰር እውነትም አየር የሚያግደው ክዳን እሱ ነው፣ በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ የፈሩትን መታፈን ራሳቸው እየመከሩት ነው። ጤዛው ሲከብድበት መሀሉ ሰርጎ ውሃው ላይ ይተኛል፣ ውሃው ላይ የተኛ ላስቲክ ደግሞ የአየር መግቢያውን ፊት ይሸፍናል፣ ቤታ ከሆነ ያለው ወጥቶ የሚጎርሰው ያጣል። አንድ ጎረቤቴ እንደዛ አድርጋ ሁለት ጎራሚ ሞተውባት ጠዋት ጠርታኝ አይቻለሁ፣ ውሃው ምንም አልነበረውም። ላስቲክ አስራችሁ ያላችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ፍቱት፣ መስታወቱ ተቆርጦ እስኪመጣ የመስኮት መረብ ቁራጭ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፣ ውሃውንም ከጠርዙ ስምንት ሴንቲ ያህል ዝቅ አድርጉት።